ሁለት ፊደል አልቀይርም ያልኩ ቀን

ሁለት ፊደል ለመቀየር እምቢ በማለቴ ወንድሜ ጦር ሜዳ ሄደ። ነገሩን በዘመኑ፣ በመንግሥቱ፣ በዕድል ላሳብበው እችላለሁ፤ ብዙ ዓመትም እያሳበብኩ ኖሬአለሁ። አሁን አርጅቻለሁ። ለሰው መዋሸት ባይሰለቸኝ እንኳ ለራሴ መዋሸት ሰልችቶኛል። ስለዚህ እንደሆነው እጽፈዋለሁ፤ የሚቆጣ ይቆጣ።

ሰባዎቹ ሊያልቁ ጥቂት ሲቀራቸው ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ፋብሪካ የሰው ኃይል አስተዳደር ክፍል እሠራ ነበር። አንድ ቀን ከምሥራቅ ጀርመን ነው የተባለ ኮምፒውተር በሣጥን ታሽጎ መጣልን። ስጦታ ይሁን ግዢ የነገረን የለም። ማሽኑ ሙቀት አይወድም ተብሎ አየር ማቀዝቀዣ ያለው ብቸኛው ክፍል ተሰጠው። የድሬን ሙቀት የሚያውቅ ሰው ከዚያ በኋላ የሆነውን መገመት አያቅተውም፤ ፋብሪካው በሙሉ እኛ ክፍል ጉዳይ በዛበት። የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ሳይቀር በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ብቅ ይልና «ማሽኑ እንዴት ዋለ?» ይላል፣ የታመመ ዘመድ ሊጠይቅ የመጣ ይመስል። ሸሚዙን ከደረቱ ላይ ነፋ ነፋ እያደረገ ግማሽ ሰዓት ተቀምጦ ይሄዳል።

ማሽኑን እንድይዝ የተመረጥኩት እኔ ነበርኩ። አዲስ አበባ ልከው ጥቂት ወራት አሠልጥነውኛል፤ ከዚያ በፊትም በታይፕ ፍጥነቴ የታወቅሁ ነበርኩ። ያኔ ኮምፒውተር እንደዛሬው በሥዕል በሥዕሉ እየተነካካ አይታዘዝም። ጥቁር መስኮት ላይ አንዲት አረንጓዴ ሰረዝ ብልጭ ድርግም ትላለች፤ እዘዙኝ ማለቷ ነው። ትእዛዙን በላቲን ፊደል፣ በእንግሊዝኛ፣ አንዲት ሆሄ ሳይስቱ መጻፍ ነው። የክፍሌ ሰዎች ደግሞ እንግሊዝኛቸው ከ«ጉድ ሞርኒንግ» ብዙም አያልፍም። አንዷ ዝርዝር እንዲያሳያት ያዘዘችው መስሏት የአንድ ወር ሥራ ድራሹን አጠፋችው። እሷ አለቀሰች፤ እኔ ጮህኩባት። በኋላ ግን ተቀምጬ አሰብኩበት።

ያሰብኩት በሰውና በማሽኑ መካከል የሚቆም ሌላ ፕሮግራም መሥራት ነበር። ሠራተኛው ሁለት ፊደል ብቻ ይመታል፤ ፕሮግራሙ ያንን ተቀብሎ ማሽኑ በሚገባው ቋንቋ ያስተላልፍለታል። ጓደኞቼ ወዲያው «ደላላው» አሉት። ድሬ የንግድ ከተማ ናት፤ ያለ ደላላ የሚያልቅ ነገር የለም።

ስም ማውጣቱ ላይ ግን ተጨቃጨቅን። ትእዛዞቹ በማን ቋንቋ ይጠሩ? አንዷ ኦሮምኛ ይሁን አለች፤ አንዱ ሶማሊኛ አለ፤ ሐረሪዋ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ በቋንቋዬ ካልሆነ አልነካውም ብላ አኮረፈች። በመጨረሻ የማናችንም የእናት ቋንቋ ባልሆነው በቢሮ አማርኛ ተስማማን። ከእያንዳንዱ ትእዛዝ የሁለቱን ቃላት መነሻ ፊደል በላቲን ወሰድን። «መዝገብ አድስ» የሚለው ኤም ኤ ሆነ። ይቺን ኤም ኤ ያዙልኝ። ሥራዋ ቀድሞ የነበረውን የስም ዝርዝር ደምስሳ፣ ማሽኑ ውስጥ ካሉት የሠራተኞች ካርዶች አዲስ ዝርዝር ማውጣት ነው። እኛ ጋ ምንም ጉዳት የላትም፤ የሁሉም ሰው ካርድ ስላለን ዝርዝሩ አሥር ጊዜ ቢደመሰስ አሥር ጊዜ ይወጣል።

አንድ ነገር ጨመርኩበት። የዚያ ወር ሥራ መጥፋት አስደንግጦኝ ስለነበር ደላላው ማንኛውንም ትእዛዝ ከመፈጸሙ በፊት «እሺ?» ብሎ እንዲጠይቅ አደረግሁት። ኢ ፊደልን ሲመቱለት ይቀጥላል። ለትንሹም ለትልቁም ይጠይቃል። ሰዎቹ በሳምንት ውስጥ ለመዱትና ጥያቄውን ማንበብ ተዉ። ጣታቸው ራሱ ትእዛዝ፣ ኢ፣ ትእዛዝ፣ ኢ ይላል። አንዱ ቀልደኛ «እሺ ይበልጣል ከሺ» ብሎ በካርቶን ጽፎ ከማሽኑ በላይ ለጠፈው፤ ሣቅንና አለፍን። ዘመኑም እንደዚያው ነበር። ስብሰባ ላይ «የሚቃወም?» ሲባል እጅ የለም፤ «የሚደግፍ?» ሲባል ምን እንደሚደገፍ ያልሰማው ሁሉ እጁን ያወጣል። እኔም አወጣ ነበር። ያንኑ እጅ ነው ይዘን ማሽኑ ፊት የምንቀመጠው።

አሁን ስለ ወንድሜ ልናገር። ከእኔ በስድስት ዓመት ያንሳል። አባታችን ቀድሞ ስለሞተ ያሳደግነው እናታችንና እኔ ነን። እናታችን ሶማሌ ናት፤ ሆዮ እንላታለን። መጋላ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ትሸጥ ነበር። ወንድሜ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም፤ «አባዮ» ይለኛል፣ ታላቅ እህቴ ማለቱ ነው። ትምህርቱን ጨርሶ በአንድ የጭነት ማመላለሻ ድርጅት ጋራዥ ውስጥ የቶርኖ ሠራተኛ ሆነ። ቶርኖ ላይ ብረት አስሮ እያሽከረከረ ሲልግ ላየው ሰው ሌላ ሰው ነበር፤ ቤት ውስጥ አንድ ቦታ የማይቀመጠው ልጅ እዚያ ሲደርስ ትንፋሹ እንኳ አይሰማም። ሾፌሮቹ የተበላሸ ዘንግ ይዘውለት ሲመጡ መጀመሪያ ይሰድባቸዋል፣ ከዚያ አዲስ አስመስሎ ይሰጣቸዋል።

ያኔ የወጣት ልጅ ያለው ቤት ሁሉ ስጋቱ አንድ ነበር፤ ብሔራዊ ውትድርና። ዙር መጣ በተባለ ቁጥር ይመዘገባል፣ ይያዛል፣ ሰሜን ይላካል። ከሰፈራችን ሄደው የተመለሱትን ለመቁጠር የአንድ እጅ ጣት ይተርፍ ነበር። ማምለጫው፣ መሥሪያ ቤቱ «ለምርት አስፈላጊ ነው» ብሎ ስሙን በዝርዝር አስፍሮ ለምልመላ ኮሚቴው ከላከለት ነው። ያ ዝርዝር ላይ ያለ ሰው ይታለፋል። ወንድሜን የሚተካ የቶርኖ ሠራተኛ ስላልነበረ አለቆቹ አስገቡት። ሆዮ ያን ቀን መስገጃዋን አንጥፋ አላህን አመሰገነች፤ ለጎረቤት ሁሉ ሐልዋ አደለች። የእኛ ቤት ተስፋ በሙሉ አንድ ወረቀት ላይ የነበረችው የእሱ ስም ነበረች።

ይህ በሆነ በጥቂት ወራት ውስጥ የፋብሪካችን ሥራ አስኪያጅ ስለ ደላላው ሰማ። ንግግር የሚወድ ሰው ነው፤ ስብሰባ ጠራ። «ጓዶች፣ ይህ ፈጠራ የአንድ ፋብሪካ ንብረት ሆኖ መቅረት የለበትም፤ የሰፊው ሕዝብ ሀብት ነው» አለ። ደላላው ከነሆድ ዕቃው፣ ማለትም መስመር በመስመር የጻፍኩት ሁሉ ሳይደበቅ፣ በዲስክ እየተቀዳ ኮምፒውተር ላላቸው የከተማው መሥሪያ ቤቶች በነጻ እንዲታደል ተወሰነ። የትእዛዞቹ ስም ደግሞ በየቦታው አንድ ዓይነት እንዲሆን በትንሽ መጽሔት ታትሞ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። መድረክ ላይ ተጠርቼ የምስክር ወረቀት ተቀበልኩ። ልዋሽ አልችልም፣ ደስ አለኝ። በሕይወቴ አዳራሽ ሙሉ ሰው ያጨበጨበልኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

ዲስኩን ከወሰዱት አንዱ የወንድሜ ድርጅት ነበር። የዚያን ድርጅት ማሽን የሚይዘው ሰው ፀጉሩ የሸበተ፣ የዕድሜውን ግማሽ በባቡር ጣቢያ ቴሌግራፍ ሲመታ የኖረ ሶማሌ ነው። «አዴር» እለዋለሁ፣ አጎቴ እንደ ማለት፤ እሱም እንደ ሶማሌ ወግ መልሶ እኔን «አዴር» ይለኛል። ድሬ ውስጥ አንቱታ ብዙ አይታወቅም፤ አንተና አንቺ እየተባባልን ነው የምንከባበረው። ዲስኩን በወሰደ በሦስተኛው ቀን መጽሔቱን ይዞ መጣ። ሻይ ላዝልህ ብለው አልፈልግም አለ።

«አዴር፣ ይቺ ኤም ኤ ያልሻት ትእዛዝሽ ከኛ ጋ ልትጋጭ ነው» አለኝ።

«እንዴት?»

«እኛም ኤም ኤ አለችን። ዲስክሽ ሳይመጣ፣ ዓመት አልፏታል፣ እኔው ነኝ የሠራኋት። መዝገብ አስገባ ነው፤ አዲስ ስም ዝርዝሩ ላይ ትጨምራለች። ጸሐፊዎቹ ለምደዋታል። አሁን ደላላሽ በሩ ላይ ቆሞ ሁሉን ስለሚቀበል፣ ኤም ኤ ሲሉ ያንቺዋ ናት የምትነሣው። ወደኔዋ የሚያሳልፋቸው የለም።»

«ታዲያ ያንተን ስም ቀይረዋ።»

«አቦ፣ እንግዳ ሆኖ የገባው ያንቺ ነው እኮ! ባቡር ላይ ስንሠራ ሁለት ጣቢያ አንድ መጥሪያ አይሰጠውም። ከተሰጠው ሁለት ባቡር አንድ ሐዲድ ላይ ይገናኛል። ያንቺን ቀይሪው። ካልሆነም ፍቀጂልኝ፣ እኛ ማሽን ላይ ብቻ ልቀይረው። ሁለት ፊደል ናት፣ ዋላሂ።»

ልክ ነበር። ልክ መሆኑን እዚያው እያለ አውቄዋለሁ፤ እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። ፕሮግራሙን ከፍቶ ሁለት ፊደል መቀየር ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ግን መጽሔቱ ታትሟል፣ ጸድቋል። ለመቀየር ማመልከቻ መጻፍ፣ ኮሚቴ ማስጠራት፣ ካጨበጨቡልኝ ሰዎች ፊት ቆሞ «ሳላጣራ ሠርቻለሁ» ማለት ሊያስፈልግ ነው። በዚያ ላይ አንድ ሽማግሌ ከጋራዥ ተነሥቶ መጥቶ ሥራዬን ሲያርም ደሜ ፈላ።

«የጸደቀ ነገር አልቀይርም» አልኩት። «አንተም እንዳትነካው፤ ሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ይሁን ተብሏል። ደግሞ እሺ? ብሎ ይጠይቃል። የሚያነብ ሰው አይሳሳትም።»

«ማን ያነባል፣ አዴር?» አለና መጽሔቱን አጥፎ ኪሱ ከቶ ወጣ። በሩ ሲዘጋ ለሐረሪዋ ጓደኛዬ «ሽማግሌውን ቅናት ያዘው» ብያት አብረን እንደሣቅን አስታውሳለሁ። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የሚባለው ለእንደኔ ዓይነቷ ነው።

ሽማግሌው የሚችለውን አደረገ። የራሱን ትእዛዝ በሌላ ስም ጠራትና ጸሐፊዎቹን ሰብስቦ ነገራቸው። አንዷ ግን ያን ሰሞን ወልዳ ፈቃድ ላይ ነበረች። ፈቃዷን ጨርሳ የተመለሰች ዕለት ከተማው አዲስ ዙር መጣ ተብሎ ተጨንቋል። ጠረጴዛዋ ላይ የጠበቃት ደብዳቤ «ለምርት አስፈላጊ» በሚለው ዝርዝር ላይ ሁለት ስሞች ተጨምረው ዛሬውኑ ይላክ የሚል ነበር። ሽማግሌው ከከተማ ውጭ፣ ቢዮ አዋሌ ለቀብር ሄዷል። ሴትየዋ ማሽኑ ፊት ተቀመጠችና ዓመት ሙሉ የለመደችውን ኤም ኤ መታች። «እሺ?» አላት። ኢ መታች።

ደላላው የታዘዘውን ፈጸመ። የነበረውን ዝርዝር ደመሰሰና ከካርዶቹ አዲስ ሊያወጣ ሄደ። እነሱ ጋ ግን ካርድ አለ አይባልም። ማሽኑ አዲስ በመጣ ጊዜ ለሙከራ የተመዘገቡ የጥቂት አሮጌ ሠራተኞች ካርድ ብቻ ነው የነበረው፤ ሌላው ሰው ሁሉ በቀጥታ ዝርዝሩ ላይ የገባ ነው። የወጣው ወረቀት አጭር ሆነ። ጸሐፊዋ ማጠሩ ግራ ገብቷት ለአስተዳደር ኃላፊው አሳየችው። «ማሽኑ አጣርቶት ይሆናላ» አለና ፈረመ። ማኅተም ተመታበት፤ ለኮሚቴው ተላከ። ይህን ሁሉ ያወቅሁት በኋላ፣ እሷው እያለቀሰች ስትነግረኝ ነው።

ከጎደሉት ሰዎች ዕድሜያቸው ለዙሩ የደረሰው ሁለት ነበሩ። አንዱ ዘመድ ሹክ ብሎት ኖሮ በጀልዴሳ በኩል ከኮንትሮባንድ ግመሎች ጋር ወደ ጅቡቲ ወጣ። ሁለተኛው ወንድሜ ነው። እሱም ወሬ ሰምቶ ነበር። በተያዘበት ቀን ጠዋት ፉል እየበላን ሳለ «አባዮ፣ እኔስ ጀልዴሳ ሄጄ ሳምንት ልቀመጥ እንዴ? የጋራዥ ልጆች ሁሉ እየጠፉ ነው» አለኝ።

«አንተን ምን አስፈራህ?» አልኩት። «ስምህ ማሽን ውስጥ ነው።»

ሆዮም ከሻይዋ ቀና ብላ «እህትህን ስማት» አለችው። በዳቦው ሣህኑን ጠርጎ በላና ወደ ሥራ ሄደ። ከሰዓት በኋላ ከጋራዡ በር ላይ፣ ዘይት የነካው ቱታው ከላዩ ሳይወልቅ ወሰዱት።

የተያዙት ልጆች ወደ ማሠልጠኛ እስኪጫኑ ድረስ አንድ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ታጎሩ። ሦስት ቀን ይቆያሉ ተባለ። ሦስቱን ቀን አንድ በአንድ ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም የወንድሜ ነገር ገና በእጄ ነበር።

በመጀመሪያው ቀን አዴር ከቀብር ተመልሶ ማሽኑን ከፍቶ ካየ በኋላ እኔ ጋ መጣ። ይሰድበኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። «ኤም ኤ ናት፣ አዴር» ብቻ አለኝ። ተያይዘን ወደ ምልመላ ኮሚቴው ሄድን። የኮሚቴው ሰብሳቢ ወረቀቱን አየው፣ ማኅተሙን አየው፣ ከዚያ እኔን አየኝ።

«ይህ ከማሽን የወጣ ነው። ማሽን ዘመድ የለውም፣ አያዳላም። አንቺ ግን የልጁ እህት ነሽ» አለኝ። «ስህተት አለ ካላችሁ ማሽኑ እንዴት እንደ ተሳሳተ፣ ማን እንዳሳሳተው ጻፉና የሚመለከተው ይፈርምበት።»

እዚህ ላይ ፈራሁ። በዚያ ዘመን የመንግሥት ሥራ ሲበላሽ ስሙ ስህተት አይደለም፤ አሻጥር ነው። በአሻጥር የተያዘ ሰው የት እንደ ገባ አይጠየቅም። «ትእዛዙን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ እንደሚጋጭ ተነግሮኝ አልቀይርም ብያለሁ፤ ሌላውም እንዳይቀይር ከልክያለሁ» ብዬ መጻፍ ነበረብኝ። እውነቱ ይኸው ነው፤ ለመጻፍም አምስት መስመር አይሞላም። እኔ ግን «በጸሐፊ ስህተት» ብዬ ጻፍኩ። አራስ ቤት ከወጣች ገና ሳምንት ያልሞላት ሴት ላይ ጫንኩት። በገዛ እጄ በንጹሕ ታይፕ መትቼ አስገባሁት።

በሁለተኛው ቀን መልሱ መጣ። ጸሐፊዋ የታዘዘችውን ነው የመታችው፤ የማሽኑ ሥራ ላይ ጉድለት ካለ የሠራው ሰው ይፈርም፤ አለበለዚያ ዝርዝሩ እንዳለ ይጸናል ይላል። አዴር ደብዳቤውን አንብቦ «እኔ ልፈርም» አለኝ። «ሸምግያለሁ። ቢያስሩኝ ምን ይቀርብኛል?» መጽሔቱ ላይ ያለው የኔ ስም እንጂ የእሱ አይደለም፤ ፊርማውን እንደማይቀበሉት ሁለታችንም እናውቃለን። ያን ያለው እኔን ለማሳፈር ሳይሆን ከልቡ ነበር። እኔ ግን ደብዳቤውን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ከዚያ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። እናቶች በአጥሩ ዙሪያ ቆመው ሳምቡሳና ሙዝ በሽቦው ያቀብላሉ። ሆዮ ከጠዋት ጀምራ እዚያው ነበረች፤ በእጇ ወደ ወንድሜ ጠቆመችኝ። ከሌሎች ልጆች ጋር ግድግዳ ተደግፎ ይስቅ ነበር። ሲያየኝ ሮጦ መጣ።

«አባዮ፣ ቶርኖው ላይ አንድ ዘንግ አስሬ ነው የመጣሁት» አለኝ። «ተልጎ አላለቀም። ማንም እንዳይነካው በይልኝ፤ ያበላሹታል። ስመለስ እኔው እጨርሰዋለሁ።»

«እሺ» አልኩት።

«ማሽንሽ ምን ነክቶት ነው ግን? ሰው ሁሉ ስምህ የለም ይለኛል።»

«ስህተት ነው። እያስተካከልኩት ነው።»

«እሱማ አንቺ ከያዝሽው ያልቃል» አለና ሆዮን ሊያጽናና ዞረ። አምኖኝ ነበር። ያ ማመኑ ነው እስከ ዛሬ እንቅልፍ የሚነሣኝ፤ ቢጠራጠረኝ ኖሮ ምናልባት ሽቦውን ዘሎ ይጠፋ ነበር፤ ዘለው የጠፉም አሉ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ቢሮ እንደ ገባሁ እውነቱን ጻፍኩ። አምስት መስመር አልሞላም። ፈረምኩበትና በእጄ ይዤ በከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ ሥር እየሮጥኩ ወደ ኮሚቴው ሄድኩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ልጆቹ ሸራ በለበሱ ወታደራዊ መኪናዎች ተጭነው ከሄዱ ሁለት ሰዓት አልፏቸው ነበር። ሰብሳቢው ወረቀቴን እስከ መጨረሻው አነበበው። ይይዙኛል ብዬ ቆሜ ጠበቅሁ፤ ያን ጊዜ ቢይዙኝ ደስ ባለኝ።

«ፋብሪካችሁ በዚህ ሥራ ተመስግኗል፣ ፕሮግራሙም ለሌሎች ተሰጥቷል» አለ። «እኔ ይህን ወረቀት አላየሁም። ያዥና ሂጂ።» አጥፎ መለሰልኝ። ያን ያህል የፈራሁት እስር ቤት እንኳ አልፈለገኝም። በመጀመሪያው ቀን ብሰጠው ይቀበለኝ ነበር? ወንድሜን ይመልሱት ነበር? አላውቅም፤ የሚነግረኝም ሰው የለም።

በዚያው ሳምንት ፕሮግራሙን ከፈትኩና ኤም ኤን በሌላ ሁለት ፊደል ቀየርኩት። ማመልከቻ አልጻፍኩም፤ ኮሚቴም አላስጠራሁ። አዲሱን ዲስክ ለየመሥሪያ ቤቱ ራሴ አዞርኩት፤ አንድ ሰው እንኳ ለምን ተቀየረ ብሎ አልጠየቀኝም። መጽሔቱ እንደታተመ ቀረ፣ የሚያነበውም አልነበረም። ሥራው ሩብ ሰዓት አይፈጅም ብያለሁ፤ በእውነቱ ከዚያም ያነሰ ነው።

ለጸሐፊዋ ይቅርታ ልጠይቃት ቤቷ ሄድኩ። ሕፃኑን አቅፋ ከፈተችልኝ፤ እኔ አፌን ሳልከፍት እሷ «ወንድምሽን የበላሁት እኔ ነኝ» ብላ እግሬ ላይ ወደቀች። አነሣኋት። አንቺ አይደለሽም አልኳት፤ ማን እንደሆነ ግን አልነገርኳትም። እንዲህ ያለች ሰው ነኝ።

ከወንድሜ አንድ ደብዳቤ መጣ፣ ከማሠልጠኛ። ደህና ነኝ፣ ምግቡ መጥፎ ነው፣ ዘንጉን ማን ጨረሰው ይላል። ከዚያ በኋላ ምንም የለም። ጦርነቱ አልቆ የተበተነው ሠራዊት ወደየአገሩ ሲመለስ ከወታደሮቹ በከተማችን ያለፉ ነበሩ፤ እግራቸው የቆሰለ፣ የክት ሸሚዛቸውን ለዳቦ የሸጡ። ሆዮ በጆግ ውሃ ይዛ መንገድ ዳር ትቆማለች። ለእያንዳንዱ ውሃ እየሰጠች በተሰባበረ አማርኛዋ «የኔን ልጅ አይተሃል ወይ? ቶርኖ የሚሠራ» ትለዋለች። አንዳንዱ እንዳያሳዝናት «ከኋላ ይመጣል» ይላታል። ለወራት ቆመች። መርዶ የነገረን መንግሥት የለም፤ እኛም ልቅሶ አልተቀመጥንም። ያልተለቀሰለት ሞት ምን ያህል ቤት ውስጥ እንደሚቆይ የደረሰበት ያውቀዋል።

ለሆዮ ግን አልነገርኳትም። መጀመሪያ ስትረጋጋ እነግራታለሁ አልኩ፤ ከዚያ ስትታመም ልቧን አልሰብርም አልኩ። ሰው ለፍርሃቱ ምክንያት አያጣም። እሷ ለሚጠይቃት ሁሉ የምታወራው አንድ ታሪክ ነበር፦ ልጄ በተያዘ ጊዜ እህቱ ሦስት ቀን ሙሉ ሳትበላ ሳትጠጣ ከቢሮ ቢሮ ሮጠችለት፣ መንግሥትን እንኳ አልፈራችም፣ ደብዳቤ እየጻፈች ፊታቸው ቆመች ትላለች። ጎረቤቶች እኔን አይተው ራሳቸውን በአክብሮት ይነቀንቃሉ። እኔ ሻይ አቀርባለሁ፣ ስኳር አማስላለሁ።

ሆዮ የሞተችው በአልጋዋ ላይ ነው፣ ከረጅም ሕመም በኋላ። የመጨረሻዋ ሳምንት ላይ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሰው ሁሉ ወጥቶ ብቻችንን ቀረን። አሁን ልንገራት ብዬ ተጠግቼ ተቀመጥኩ። «ሆዮ» አልኳት። እሷ ቀደመችኝ። ቀኝ እጄን በሁለት እጇ ያዘችው፤ ጣቶቼን አንድ በአንድ ዳበሰቻቸው።

«አንቺ ባትኖሪ ማን ይጽፍለት ነበር?» አለችኝ። «አቅምሽን ሁሉ አድርገሻል፤ አላህ ያውቃል። ይቺን እጅሽን አላህ ይባርካት።» እጄን ወደ አፏ አስጠግታ ሳመችው።

«አሚን» አልኳት።